ታጭዶ ይነሳ

አዲሱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሱሪውን ጉልበት በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ያዘና ጎንበስ አለ። ቅጠሉን በእጁ ሳይነካ፣ አፍንጫውን ብቻ አስጠግቶ፣ ሁለት ጊዜ ሳበ። ከዚያ ቀና ብሎ ከኋላው ወደቆሙት ዞረ።

«ምንም አይሸትም» አለ።

ከኋላው የቆሙት ሦስት ናቸው፦ ደብተር የያዘች ጸሐፊ፣ ቁልፍ የያዘ ዘበኛና ምንም ያልያዘች አትክልተኛ። አትክልተኛዋ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ነበር። ጥፍሯ ውስጥ የገባው አፈር አሳፍሯት አይደለም፤ አለቃ ሲመጣ እጅን መደበቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልማድ ሆኖባት ነው።

«ትኩስ እያለች አትሸትም፣ አለቃዬ» አለች። «ታጭዳ ስትጠወልግ ነው የምትጀምረው። ስትደርቅማ ቤቱን ትሞላዋለች።»

«ስትሞት ማለትዎ ነው?» አለ ኃላፊው። «እማማ፣ ከሞተ በኋላማ የማይሸት ማን አለ!»

ዘበኛው ሳቀ። ጸሐፊዋም ልትስቅ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ፣ የአትክልተኛዋን ፊት ስታይ መልሳ ገጠመችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስምንተኛው ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ኃላፊው ወደዚህ ቤት ከተዛወረ ገና ሁለት ወሩ ነበርና እንግዶቹን በባዶ እጁ ሊቀበላቸው አልፈለገም። ከሕንጻው በስተጀርባ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለው መሬት ነጭ ጠጠር ይለብሳል፤ በጠጠሩ ላይ ስድስት ማሰሮ ጽጌረዳ ይደረደራል። አሳቡ ይህ ነው። ጽጌረዳ መልክም አለው፣ ሽታም አለው።

«ጽጌረዳ ጥላ አይወድም» አለች አትክልተኛዋ። «እዚህ ፀሐይ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ አትገባም። በሳምንቱ ቅጠሉን ያራግፋል።»

«እንግዶቹ የሚቆዩት ግማሽ ቀን ነው» አለ ኃላፊው። «እንግዲህ ይሄ ሣር በዚህ ሳምንት ይነሳል። ተግባባን፣ እማማ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ነበር፤ እሺ። ቃሉ አሁንም እንደ ልማዱ ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ጥርሷ ድረስ ደረሰ። እዚያ ግን ቆመ። ለምን እንደቆመ እሷም አላወቀችም።

«በጽሑፍ ይስጡኝ» አለች።

ዘበኛው ቁልፉን ማቅጨልጨል ተወ። ኃላፊው ያልሰማ መስሎ ሰዓቱን አየ፤ መስማቱ ግን ጆሮው ሲቀላ ታወቀበት።

*

በዚያ ግቢ የሚታየው ሁሉ በደብዳቤ የበቀለ ነው። የበሩ አጥር ቁጥቋጦ እስከ ጉልበት እንዲከረከም ደብዳቤ ወጥቶለታል። በመግቢያው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ዘንባባዎች ከመተከላቸው በፊት በሦስት ሰው ተፈርሞባቸዋል። አትክልተኛዋ እድሜዋን ሙሉ የሰው አሳብ ስትተክል፣ የሰው አሳብ ስታጠጣ ኖራለች። ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት ግን ማንም የማያስበው ነበር። ጥላው ሣር አያበቅል፣ አበባ አያቆይ፤ ስለዚህ ተረሳ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ከጓሮዋ ዛፍ ሥር ሦስት ዘንግ ነቅላ በወተት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ስሙን አክስቷም አታውቀውም፤ «ያቺ» ነበር የምትላት። ልብስ መሐል ትከታታለች፣ ብል አይጠጋም። አትክልተኛዋ ሦስቱን ዘንጎች ማንም በሌለበት ሰዓት፣ እንደ ሌባ ዙሪያዋን እያየች ተከለቻቸው። በመጀመሪያው ዓመት የሞቱ መሰለ። በሁለተኛው ሁለት ስንዝር ሄዱ። ሥራቸው እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ነው፤ አፈሩን ጠለቅ ሳይል፣ ከደረቀው ቅጠል በታች ሾልኮ ይሄድና ባላሰቡበት ቦታ ብቅ ይላል። ቅጠሎቹ ዘንጉን ስድስትም ስምንትም ሆነው በየደረጃው ይከብቡታል፣ ልክ እንደተዘረጋ የጃንጥላ ሽቦ። አበባዋ ከምስር አይበልጥም፤ ነጭ ናት፣ አራት ጫፍ አላት። ዛሬ ከአጥር እስከ አጥር መሬቱን ሸፍናዋለች።

በግቢው ውስጥ አትክልተኛዋ ሳትታዘዝ የሠራችው ነገር ቢቆጠር ይህ ብቻ ነው።

ስም ያወጣላት ጠራዡ ነው። ጠራዡ የተቀደዱ መጻሕፍትን የሚጠግን፣ ጡረታ ወጥቶ እንኳ ቦታውን የሚተካ ስላልተገኘ የተመለሰ ሽማግሌ ነው። ወሬ ከጀመረ ስለማይለቅ ሠራተኛው «ጋሼ ሙጫ» ይለዋል። አንድ ቀን የተክሏን ቅጠል በጣቱ ፈትጎ አሸተተና «ኧረ ይቺስ አኩራፊ ናት!» አለ። «ፊት ለፊቷ ቆመሽ ስትለምኛት ዝም። ዞር ስትዪ ትለፈልፋለች።» ከዚያ ወዲህ አኩራፊዋ ሆና ቀረች። በየዓመቱ አንድ እቅፍ ታጭዳ ወደ ጥረዛው ክፍል ትገባለች፤ ጋሼ ሙጫ በእያንዳንዱ አሮጌ መጽሐፍ መሐል አንድ ዘንግ ያስቀምጣል። ከላይኛው ፎቅ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ሁሉ ሲከፍተው አንድ ነገር ይሸተዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቆ አያውቅም።

*

ደብዳቤው በማግስቱ መጣ። ጸሐፊዋ ራሷ ይዛው ወደ ጥረዛው ክፍል ገባች፤ አትክልተኛዋ እዚያ ሻይ እየጠጣች ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው። በአንደኛው ግድግዳ የብረት መጭመቂያው ሦስት መጻሕፍት ነክሶ ይዟል፣ በጠረጴዛው ላይ ወስፌና የክር ጥቅል፣ ዳር ላይ ቆዳ ያወጣ የሙጫ ጣሳ።

ጋሼ ሙጫ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አነበበው።

«በግቢው ጓሮ ከዛፎች ሥር የሚገኘው ሣር የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ የሚያበላሽ ሆኖ ስለተገኘ፣ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በሦስት ቀናት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ታጭዶ እንዲነሳ እናሳስባለን። ግልባጭ፦ ለንብረት ክፍል፣ ለጥበቃ ክፍል።» ወረቀቱን ገለበጠው። «ለጥበቃ ደግሞ ምን አገባው? አምልጣ እንዳትሄድ ነው?»

አትክልተኛዋ አልሳቀችም። «አንዴ ድገምልኝ፣ ጋሼ። መጨረሻውን።»

«ታጭዶ እንዲነሳ።»

«ታጭዶ ነው የሚለው?»

«ታጭዶ።»

ጸሐፊዋ ጣቶቿን አፍተለተለች። «እኔ ጠይቄው ነበር፣ እትዬ። ‹ይነቀል ልበል ወይስ ይታጨድ?› አልኩት። ‹ሁለቱም ያው አይደለም እንዴ?› አለኝ። ከዚያ አሰበና ‹ታጭዶ ይሻላል፣ ለጆሮ ያምራል› ብሎ መረጠ።»

«ሁለቱም ያው» አለች አትክልተኛዋ። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «የኔ እናት፣ መታጨድ ፀጉር ነው። መነቀል ጥርስ ነው። ይሄ ልጅ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ ጥርሱን ቢያወልቁት ያኔ ይገባው ነበር።»

ጋሼ ሙጫ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ነገር ሲከብድ እንዲህ ያደርጋል። «እህት ዓለም፣ በቃል አትጫወቺ። ምን ለማለት እንደፈለገ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ጡረታሽ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለችና ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

*

ጠዋት ገና ጤዛው ሳይነሳ ማጭዷን ይዛ ጀመረች። በግራ እጇ አንድ ጭብጥ ትሰበስባለች፤ ማጭዱን ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ወደ ራሷ ትስባለች። ሁለት ጣት፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ሥሩ ይጎዳል። ጠጠር እንኳ ሳትነካ፣ አንድም ሥር ሳትበጥስ፣ እስከ እኩለ ቀን ከአጥር እስከ አጥር አጨደች። ሙሉ በሙሉ። ደብዳቤው እንዳለው።

«እንዲነሳ» የሚለው ቀረ። ወዴት እንደሚነሳ አልተጻፈም። ስለዚህ በየእቅፉ አሰረችና ወደ ሕንጻው አነሳችው። ጋሼ ሙጫ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙን የመጥረዢያ ክር ራሱ አውጥቶ ከመስኮት ወደ መስኮት ዘረጋላት። የጥረዛውን ክፍል ጣሪያ ሞሉት። የተረፈውን በመተላለፊያው፣ በደረጃው መደገፊያና ከንባብ ክፍሉ መስኮቶች በላይ ቁልቁል ሰቀሉት።

ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ጓሮውን ሊያይ ወጣ። ሁለት ጣት የሚያህል አረንጓዴ የዘንግ ቅሪት መሬቱን ሁሉ ሸፍኖታል።

«ሥሩስ?» አለ።

አትክልተኛዋ ደብዳቤውን ከደረቷ አወጣች፣ አራቱን እጥፋት አንድ በአንድ ፈታች፣ ጣቷን በቃሉ ላይ አደረገች። ጥፍሯ ውስጥ አፈር ነበር። በዚህ ጊዜ እጇን አልደበቀችም።

«ታጭዶ ይላል፣ አለቃዬ።»

ኃላፊው አንብቦ ጨረሰ፤ እንደገና አነበበ። የራሱ ፊርማ ነው። «በቃል ልታስሪኝ ነው?» አለ። እርስዎ ማለቱ የት እንደገባ እንጃ። «ነቅለሽ ጣዪው ብዬሻለሁ!»

«በጽሑፍ።»

ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር ብሎ ማመን ነው፤ እንግዶቹም እየደረሱ ነው። ኃላፊው ከንፈሩን ነክሶ ሄደ። በማግስቱ መኪና መጥቶ ነጩን ጠጠር በቅሪቱ ላይ ገለበጠው። አትክልተኛዋ ከዛፉ ሥር ቆማ አየች።  

*

ሽታው በሁለተኛው ቀን ጀመረ። መጀመሪያ በደረጃው ላይ ብቻ ነበር፤ ዝናብ ያልነካው ድርቆሽ ላይ ማር የፈሰሰ የመሰለ። በሦስተኛው ቀን የንባብ ክፍሉን ሞላው። በየቀኑ ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡ ሽማግሌ ገጹን ሳይገልጡ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን እየዘረጉ ወደ ላይ ያያሉ። ጸሐፊዋ ኃላፊው ራሱ በመተላለፊያው ቆሞ አየር ሲስብ አገኘችው።

«የወለሉን ሰም ቀየሩት እንዴ?» አላት። «በጣም ጥሩ ነው። ጽዳቶቹን አመስግኝልኝ።»

«ሰም አይደለም» አለች ጸሐፊዋ። «ሣሩ ነው።»

ይህን ለሁለቱ በጥረዛው ክፍል ስትነግራቸው ጋሼ ሙጫ ከሳቁ ብዛት ወስፌው ከእጁ ወደቀ።

እንግዶቹ መጡ። የጥረዛውን ክፍል ሊያዩ ሲገቡ አትክልተኛዋ እዚያው ነበረች፤ ከዓይን ዞር እንድትል ተነግሯት ነበር፣ እሷ ግን አልዞረችም። የእንግዶቹ መሪ ሸበት ያሉ ሴት ናቸው። ደፉን እንዳለፉ ቀና ብለው ክሩን አዩ።

«ይሄ ደስ የሚል ነገር ምንድነው?»

«የተፈጥሮ መዓዛ ፕሮጀክት ነው» አለ ኃላፊው ሳያመነታ። «ከራሳችን ግቢ የሚመረት።»

አትክልተኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እስከ ትናንት ሣር ነበረች፣ እመቤቴ። ዛሬ ተሾመች። ደብዳቤው ይኸው።»

ሴትዮዋ ደብዳቤውን አነበቡ፣ ፈገግ አሉ፣ በመስኮቱ በኩል ነጩን ጠጠርና ስድስቱን ማሰሮ አዩ። «ታዲያ ተክሉ የት አለ?»

«ከጠጠሩ ሥር ነው።»

«ያሳዝናል» አሉ ሴትዮዋ፤ የምር አዝነውም ነበር። ግን እንግዳ እንግዳ ነው፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ደብዳቤውን መልሰው ሰጧትና ወጡ። ኃላፊው ከኋላቸው ሲወጣ ዞር ብሎ አያት። ያ አስተያየት ግልባጭ አልነበረውም።

*

ሁለተኛው ደብዳቤ አርብ ጠዋት ደረሰ፤ ይህኛው ስሕተት የለበትም። «ከጠጠሩ ሥር የሚገኘው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ እንዲወገድ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን በሥራ ሕግ መሠረት እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እናስታውቃለን።» ከታች «ደርሶኛል» ብላ የምትፈርምበት መስመር ተሰምሮላታል።

ጋሼ ሙጫ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ሹልክ የምትልበት ቃል ይፈልግላት ነበር። አላገኘም።

«በቃ፣ እህት ዓለም» አለ። «ያ ያሾፍሽበት ልጅ ልቦና መጣለት፣ ጽፎ አሰረሽ። ሦስት ዘንግ በቆርቆሮ ደብቀሽ ቤትሽ ውሰጂ፤ የቀረውን ንቀይለት። ሁለት ዓመት ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ እሺ እያልሽ ታልፊያታለሽ።»

ነገሩ እውነት ነው። ቆርቆሮውም እስካሁን አለ፤ ሚስማር ይዞ መደርደሪያዋ ላይ ተቀምጧል። እንዴት እንደምትወስዳት፣ በረንዳዋ ላይ የቱ ጋ እንደምታስቀምጣት ሁሉ ታያት። ከዚያ ደግሞ እንደ ሌባ ዙሪያዋን እያየች ስትተክል ታያት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደገና።

«ጋሼ» አለች፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሺ ብያለሁ። የቀረችኝን ሁለት ለራሴ ላስቀራት። እስኪ እስክሪብቶህን።»

በመስመሩ ላይ አጎንብሳ ጻፈች። ፊደሎቿ እንደ ችግኝ የተራራቁ ናቸው። «ደርሶኛል» ከሚለው ቀጥላ «አልነቅልም» አለች። ቀኑን ጻፈች፤ ፈረመች። ጸሐፊዋ ተቀብላት ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም መታችበት፣ በገቢ መዝገብ አስገባችው። ማኅተሙን ከሚያስፈልገው በላይ ሳትመታው አልቀረችም፤ ድምፁ እስከ መተላለፊያው ተሰማ።

ኃላፊው ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ጓሮ ወረደ። መስኮቶቹ ላይ አንባቢዎች ተደርድረዋል። ዘበኛውም ተከትሎት መጣ።

«አልነቅልም ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንደተጻፈው ነው፣ አለቃዬ።»

«በሌላ ሰው አስነቅለዋለሁ!»

«ያስነቅሉ። ዶማው ይኸው።» ዛፉ ላይ ከተደገፈበት አንስታ እጀታውን ወደሱ ዘረጋችለት። «አንድ ነገር ግን ይወቁ። ሥሯ በአጥሩ ሥር አልፎ ጎረቤት ገብቷል። ለጎረቤትም ይጻፉላቸው። በግልባጭ።»

ከላይ ከመስኮት አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ኃላፊው ዶማውን አየ፣ የተወለወለ ጫማውን አየ፣ ወደ ዘበኛው ዞረ። «አንተ። ንቀለው።»

ዘበኛው ቁልፉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የመጀመሪያው ቀን የሳቀው እሱ ነበር።

«እኔ በር ነው የምጠብቀው፣ ጌታዬ» አለ። «መንቀል ከሆነ… እንግዲህ በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ኃላፊው ዓይኑን ወደ ማሰሮዎቹ መለሰ። የጽጌረዳዎቹ ቅጠል ከአሁኑ ጠጠሩ ላይ ረግፏል፤ ሳምንት እንኳ አልጠበቁም።

«እናየዋለን» አለ በመጨረሻ። «እናየዋለን፣ እማማ። እርስዎም ያያሉ።»

እርስዎ ተመልሶ መጣ። እሷ ይህን ልብ አለች፤ ዛቻውን ያኔ አልሰማችውም።

*

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍም ተቀበሏት፤ ዶማ፣ ማጭድ፣ የውሃ ማጠጫ ሁሉ ተቆለፈባት። ጋሼ ሙጫ ዜናውን ሲሰማ የዓመቱ ደብዳቤዎች ለጥረዛ የሚመጡት እሱ ጋ መሆኑን አስታወሳት። «‹አልነቅልም› ባልሽባት ገጽ ላይ አንድ ዘንግ አስቀምጣለሁ» አለ። «ብል ደፍሮ ከነካት እኔን ጥረዙኝ።»

ሰኞ ጠዋት አትክልተኛዋ ከቤቷ የመጣ አሮጌ ማንኪያና አንድ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ይዛ ገባች። ዘበኛው ቆርቆሮውን አይቶ ክፉኛ ደነገጠ።

«እትዬ! ልትወስጃት ነው?»

«ምን በወጣኝ» አለች። «ለጠጠሩ ነው።»

ከዛፎቹ ሥር ተንበረከከች። በነጩ ጠጠር መሐል፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት፣ ትንንሽ አረንጓዴ ጃንጥላዎች ጫፋቸውን አውጥተዋል፤ ገና አልተዘረጉም። በዙሪያቸው ያለውን ጠጠር በማንኪያው እየለቀመች ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረች። ሲሞላ ወደ መንገዱ ወስዳ ትደፋለች፤ ትመለሳለች።

ጓሮው ሰፊ ነው፤ ማንኪያው ትንሽ። ከላይ የኃላፊው መስኮት ተከፈተ፣ ቆየ፣ ተዘጋ። ቀና አላለችም። ይህን ሥራ ማንም አላዘዛትም።